«ፖለቲካ ተማሪ» ተባልኩ፤ እኔ ግን ሥራዬን ነው መሥራት የምፈልገው

ጥያቄ፦ «ስምንት ዓመት ሶፍትዌር ሠርቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ገባሁ። በፊት በሳምንት የምጨርሰው ነገር እዚህ ወራት ይፈጃል። አንድ የሚንቀራፈፍ ሲስተም ለማስተካከል የዲዛይን ሰነድ ጽፌ የአራት ቡድኖችን ይሁንታ ጠየቅኩ። የደህንነት ቡድኑ ስድስት ሳምንት ሙሉ አልመለሰልኝም። በመጨረሻ የግምገማ ስብሰባ ሲጠራ ከሌላ ቡድን የመጣ አንጋፋ ኢንጂነር ያላሰብኩትን ተቃውሞ አነሳ። ‹ትንሽ ይታይ› ተብሎ ተበተነ። ባለፈው ሳምንት የእሱን ቡድን የሩብ ዓመት ዕቅድ ሳይ ቁርጥ የእኔን ሐሳብ የሚመስል ፕሮጀክት አገኘሁ። ለአለቃዬ ስነግረው ‹ትንሽ ፖለቲካ ተማሪ› አለኝ። ልታገል ወይስ ልልቀቅ?»

መልስ፦

አለቃሽ ያለሽ ውሸት አይደለም። ግን «ዋና ተማሪ» ብሎ ወንዝ ዳር ጥሎሽ ሄዷል።

ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ። ግማሹን ኮድ ስጽፍ፣ ግማሹን ኮድ የሚጽፉ ሰዎችን ስመራ። አንቺን ያናደደሽ ነገር እኔንም አናዶኛል። በኋላ ደግሞ ሳላውቀው ሌሎችን የማናድደው እኔ ሆኜ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው የምመልስልሽ።

ጥያቄሽ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። መዘግየት አለ። ስብሰባ ላይ ሳይታሰብ መመታት አለ። ሐሳብ መወሰድ አለ፣ ወይም የተወሰደ መምሰል። ሦስቱንም «ፖለቲካ» ብለሽ አንድ ጆንያ ውስጥ ከከተትሻቸው መድኃኒታቸውም አንድ ይመስልሻል። አይደለም። ሦስቱም ጋ ስትደርሺ ግን ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ይሄ ነገር ቢሳካ ማን ምን ያገኛል? ቢበላሽስ ማን ይከፍላል?

ከመዘግየቱ እንጀምር። የደህንነት ባለሙያው የአንቺን ሰነድ ሲከፍት ፊቱ የሚደቀንበትን ሒሳብ እይው። ይሁን ብሎ ሥራው ቢሳካ የምትመሰገኚው አንቺ ነሽ። ይሁን ብሎ ቢበላሽ «ማነው ያጸደቀው?» ሲባል የሚወጣው የእሱ ስም ነው። ዝም ቢልስ? ምንም አይሆንም። ቲኬት (ለአንድ ቡድን በሲስተም የሚላክ የሥራ ጥያቄ) ላይ ዝም በማለቱ የተባረረ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ዝም ይላል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። እኔም አንቺም እዚያ ወንበር ላይ ብንቀመጥ የምናደርገው ይሄንኑ ነው።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ፊርማ ለምን አስፈለገ?» ትዪኝ ይሆናል። ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ጠዋት አዲስ ኮድ ሥራ ይጀምራል። ኮዱ ቀደም ብሎ በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። የጫነው ቴክኒሻን አንዱን ሰርቨር ዘለለው። የተዘለለው ሰርቨር ላይ ደግሞ ለዓመታት ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ኮድ ሳይነሳ ተቀምጧል። አዲሱ ኮድ የአሮጌውን ማብሪያ ምልክት ለራሱ ስለወሰደው፣ ገበያው ሲከፈት ሞቷል የተባለው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ፈጸመ። ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ዓመት ሳይሞላው ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ አበቃ።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ሲመረምር ምን አገኘ? የዚያን ኮድ ጭነት ሁለተኛ ሰው እንዲያየው የሚያስገድድ የጽሑፍ ደንብ አልነበረም። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት፣ ሲስተሙ ራሱ ችግሩን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እርምጃ የወሰደ የለም። ኢሜይሎቹ ለብዙ ሰው ሄዱ፤ የእኔ ጉዳይ ነው ያለ ግን አልተገኘም። የአንቺ ቲኬትም ስድስት ሳምንት የተኛው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ለ«ደህንነት ቡድን» እንጂ ለሰው አልተላከም።

ይሁንታ ስትጠይቂ የምትሞዪው ቅጽ ላይ ያለው ጥያቄ ሁሉ የአንድ አደጋ ጠባሳ ነው። አንድ ጥያቄ ለመጨመር አንድ አደጋ ይበቃል። ለመሰረዝ ግን ደፋር ሰው ያስፈልጋል፣ የሰረዘውንም የሚሸልመው የለም። ስለዚህ ቅጹ እየወፈረ እንጂ እየከሳ አይሄድም። በዚህ መናደድ ትችያለሽ፤ እኔም እናደዳለሁ። ብቻ ቁጣሽ ቲኬቱን አያንቀሳቅሰውም።

ምን ያንቀሳቅሰዋል? ራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ስሠራ የመረጃ ጥበቃ ቡድኑን ይሁንታ ሁለት ወር ጠበቅኩ። በየሳምንቱ ቲኬቱ ላይ «ለማስታወስ ያህል» እያልኩ እጽፋለሁ። በየምሳው ሰዎቹን አማለሁ። አንድ ቀን መረረኝና ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድኩ። ትልቅ ቡድን የመሰለኝ ነገር ሁለት ሰው ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱ ከ40 በላይ ቡድኖችን ያስተናግዳሉ። የእኔ ሰነድ 23 ገጽ ነው። አንደኛው በትህትና «እኔ ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የተጠቃሚውን መረጃ ለስንት ቀን ነው የምታስቀምጡት?» አለኝ። 23ቱም ገጽ ውስጥ አልነበረም። «30 ቀን» አልኩት። በማግሥቱ ጸደቀ። እነዚያን ሰዎች ሁለት ወር ሙሉ እንዳማኋቸው ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

ስለዚህ ረጅም ሰነድ ልከሽ «እዩልኝ» አትበዪ። እያንዳንዱ ቡድን የሚፈራውን ነገር ለይተሽ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽ፣ በግማሽ ገጽ ላኪለት። «ስህተት ካለ አርሙኝ» በዪ። ሰው ባዶ ወረቀት ከመሙላት የተጻፈ ማረም ይቀለዋል። ወረፋቸው ስንት እንደሆነም ጠይቂ። በዚህ ሩብ ዓመት ምን ለማሳካት ቃል እንደገቡም ጠይቂ። አንቺ የምታስተካክዪው ሲስተም ከግባቸው አንዱን የሚያግዝ ከሆነ ይህንን የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊው። ከዚያ በኋላ የአንቺ ሥራ የእነሱም ሥራ ይሆናል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ውሳኔውን የሚመለስ ማድረግ ነው። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2016 ለባለአክሲዮኖች በወጣ ደብዳቤው ላይ ውሳኔን በበር መስሎ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ በር ከገባሽበት መመለሻ የለውም። ሌላው በሁለቱም በኩል ይከፈታል፤ ካልተመቸሽ ትመለሻለሽ። ትልልቅ ድርጅቶች የሚንቀራፈፉት መመለስ የሚቻለውንም ውሳኔ መመለስ እንደማይቻለው ሁሉ በከባድ ሂደት ስለሚያሳልፉት ነው ይላል። እና ሰነድሽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «መጀመሪያ ለ1 በመቶ ተጠቃሚ ብቻ ይከፈታል። ችግር ካለ በዚህ ማጥፊያ በአምስት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሌሊት ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትናቂያት። ፈራሚው የሚፈራውን ዕዳ ከእሱ ትከሻ ወደ አንቺ የምታዞረው እሷ ናት።

«እስከ ሐሙስ መልስ ካላገኘሁ እቀጥላለሁ» የሚለውን ዘዴ የሚመክሩሽ ይኖራሉ። ለተራ የቴክኒክ ምርጫ ጥሩ ነው። ለደህንነት፣ ለግል መረጃ ጥበቃና ለሕግ ጉዳይ ግን በፍጹም እንዳትሞክሪው። አንድ ቀን ነገር ሲበላሽ ያቺ ኢሜይል አንቺው ላይ ማስረጃ ሆና ትመጣለች።

አሁን ወደ ስብሰባው። ብዙ ኢንጂነሮች ስብሰባን ሐሳብ ከሐሳብ ተፋጭቶ የተሻለው የሚያሸንፍበት ሜዳ አድርገው ያስባሉ። ትንሽ ቡድን ውስጥ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ግን ስብሰባ በአብዛኛው ያለቀለት ነገር የሚነገርበት ቦታ ነው። ውሳኔው የሚበስለው ከዚያ በፊት ነው፤ በሁለት ሰው ወሬ፣ በኮሪደር፣ በአጭር የስልክ ጥሪ። ይሄ ሸፍጥ አይደለም። ሒሳቡን ሥሪው። አምስት ሰው እርስ በርሱ ሊነጋገር የሚችልባቸው ጥንዶች 10 ናቸው። ሃምሳ ሰው ሲሆን 1,225 ይደርሳሉ። ይህንን ሁሉ በአንድ ሰዓት ስብሰባ ማግባባት አይቻልም።

ያ አንጋፋ ኢንጂነር ሐሳብሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው 12 ሰው ፊት ከሆነ፣ መቃወሙ ሊገርምሽ አይገባም። በማያውቀው ነገር ላይ «ይሁን» ብሎ ቢሳሳት ሰው ፊት ነው። «ስጋት አለኝ» ቢል ግን አዋቂ ይመስላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ለብቻው ሄደሽ ብታሳዪው ኖሮ ስጋቱን እዚያው ይነግርሽ ነበር። አስተካክለሽ ትመጫለሽ። እሱም ስብሰባው ላይ «አይቼዋለሁ፣ ተነጋግረንበታል» ይላል። ያቺ ቃል ከ23 ገጽ ትበልጣለች።

ደግሞ ትክክል ሊሆን እንደሚችልም አስቢ። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ነገር አስተውሏል። ድርጅቶች የሚሠሩት ሲስተም የራሳቸውን የመነጋገሪያ መስመር ይመስላል። ሁለት ቡድኖች ካልተነጋገሩ የሠሯቸው ሁለት ሲስተሞችም አይነጋገሩም። በግልባጩ ሲታይ፣ ሲስተም ውስጥ ድንበር የምታንቀሳቅሺ ከሆነ ሰዎች መሃል ያለውንም ድንበር እያንቀሳቀስሽ ነው። ለአንቺ «ሁለት ሰርቪስ (የሲስተሙ አካል የሆኑ ፕሮግራሞች) ማዋሃድ» የሆነው ለእሱ የቡድኑ ግማሽ ሥራ ሊሆን ይችላል። ምናልባት የዘንድሮ የዕድገት ማመልከቻው የቆመው በዚያ ሰርቪስ ላይ ነው። ይህንን ሰነድ ላይ አታገኚውም። «እኔ እንደጻፍኩት ቢሠራ አንተ ምን ታጣለህ?» ብለሽ ፊት ለፊት ስትጠይቂው ነው የሚወጣው። ሞክሪው። ሰዎች ይሄን ጥያቄ በቅንነት ሲጠየቁ ከምትገምቺው በላይ እውነቱን ይናገራሉ።

«ትንሽ ይታይ» የምትለዋ ነገርስ? እሷ ሳይቀበር የሞተ ፕሮጀክት ናት። ማን ያየዋል? ምኑን? እስከ መቼ? እነዚህ ሦስቱ ሳይመለሱ ከክፍሉ አትውጪ። «እሺ፣ የቀረው ጥያቄ ይሄ ነው። የሚመልሰው እገሌ ነው። ማክሰኞ እንገናኝ። ልክ ነኝ?» በዪ። ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቃለ ጉባኤውን ራስሽ ጽፈሽ ላኪ። በነገራችን ላይ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ከሰብሳቢው ይልቅ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ሥልጣን አለው የሚል እምነት አለኝ። ማንም ሊጽፈው አይፈልግም። ከወር በኋላ ግን የሚታወሰው የተባለው ሳይሆን የተጻፈው ነው።

ሦስተኛው፣ ሐሳብ መወሰድ። እዚህ ላይ ደምሽ እንደፈላ ይገባኛል። ሆኖም ሦስት ዕድሎች አሉ። አንደኛ፣ ግጥምጥሞሽ። በትልልቅ ኩባንያዎች ሁለትና ሦስት ቡድን አንዱን ችግር ለየብቻ ሲፈታ ማየት የዘወትር ነገር ነው። ችግሩ አንድ ከሆነ መፍትሔውም ይመሳሰላል። ሁለተኛ፣ ስብሰባው ላይ ሰምቶት ከየት እንዳመጣው ረስቶታል። ይሄ በጣም ይበዛል፤ እኔም ሳላደርገው አልቀረሁም። ሦስተኛ፣ አውቆ ወስዶታል። ከውጭ ስታዪያቸው ሦስቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃሽ ለሦስቱም የሚሠራ መሆን አለበት።

ዳይሬክተሩን ኮፒ ያደረገ ረጅም ኢሜይል አትላኪ። እሱን ከላክሽ በኋላ ሰውየው መታረም ቢፈልግ እንኳ መውጫ የለውም፤ መዋጋት ብቻ ነው የሚቀረው። ለብቻው አግኚውና እንዲህ በዪው፦ «የሩብ ዓመት ዕቅዳችሁን አየሁት። እኔ ከሦስት ወር በፊት ካቀረብኩት ጋር ይገጥማል፤ ሰነዱ ይኸው። ሁለት ጊዜ ከምንሠራው አብረን ብናቀርበው ምን ይመስልሃል?» ቀኑ ሰነዱ ላይ ስላለ ሌባ ማለት አያስፈልግሽም። ቀኑ ራሱ ይናገራል። ቅን ሰው ከሆነ ደንግጦ ስምሽን ያስገባል። ካልሆነ ደግሞ «የተለየ ነው» ብሎ ይሸሻል። ያን ጊዜ ማን እንደሆነ አወቅሽው።

ከሸሸ ጉዳዩ ወደ አለቃሽ ይሄዳል። እዚህ ላይ አለቃሽን ትንሽ መቆጣት እፈልጋለሁ። የቡድኑን ሥራ ድንበር ማስከበር የእሱ ሥራ ነው። «ፖለቲካ ተማሪ» ብሎ ወደ አንቺ መግፋት አይችልም። ግን «ተበደልኩ» ብለሽ አትሂጂበት። «ከዚያ ቡድን አለቃ ጋር ተነጋግረህ ይሄን ፕሮጀክት ማን እንደሚመራው እስከ አርብ እንድታሳውቀኝ እፈልጋለሁ» በዪው። የተለየ ጥያቄ፣ የተለየ ቀን። ሁለቱ ካልተስማሙ ከላይ ወዳለው የጋራ አለቃ አብረው ይውጡ። አብሮ መውጣት ክስ አይደለም፤ የሚወስን ሰው መፈለግ ነው። ተደብቆ ለብቻ መውጣት ግን ሁልጊዜ ክስ ይመስላል።

ሰው ለምን ሐሳብ ይሰርቃል ብለሽ ካሰብሽ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ምዘናው ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት ለዓመታት ሠራተኞቹን እርስ በርስ እያወዳደረ በደረጃ ይደለድል ነበር። አሥሩም ሰው ጎበዝ ቢሆን እንኳ አንዱ ታች መውደቅ ግድ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የጎረቤት ድል የአንቺ ኪሳራ ይሆናል። ጎበዞችም ከጎበዝ ጋር አንድ ቡድን መግባት ይፈራሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 አሠራሩን ተወው። የአንቺ ኩባንያ ዕድገት የሚሰጠው እንዴት እንደሆነ ደንቡን አውጥተሽ አንብቢ። «አዲስ ነገር ያስጀመረ» የሚል መስፈርት ካለው፣ ሁሉም አዲስ ነገር ለማስጀመር ይሯሯጣል፣ የተጀመረውን የሚጠግን ይጠፋል። የሚንቀራፈፈው ሲስተምሽም ለዓመታት ማንም ሳይነካው የቆየው በዚህ ይሆናል።

አንቺም እዚያው ምዘና ውስጥ ነሽ። በብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች የዕድገትሽ ጉዳይ የሚታየው አንቺ በሌለሽበት ክፍል ነው። ስለ አንቺ ለመናገር አለቃሽ ጥቂት ደቂቃ ቢያገኝ ነው። ምን ብሎ እንዲናገር ትፈልጊያለሽ? ያንን ዓረፍተ ነገር ራስሽ ጻፊለት። «ጠንካራ ሠራተኛ ናት» አይሆንም፤ ሁሉም ስለ ሁሉም ይለዋል። «ገጹ ለመከፈት አራት ሰከንድ ይወስድ ነበር፣ አንድ ሰከንድ አድርሳዋለች» ይሁን። ለዚህ ደግሞ ሥራውን ሳትጀምሪ የበፊቱን ቁጥር መዝግቢ። ሲስተሙን አስተካክሎ ሲጨርስ በፊት ስንት እንደነበር ማስረጃ ያጣ ስንት ጎበዝ አይቻለሁ! በየሁለት ሳምንቱም አምስት መስመር ማስታወሻ ለአለቃሽ ላኪ። ጉራ አይደለም። እሱም ለአለቃው የሚጽፈው ነገር ያስፈልገዋል፤ ከየት ያምጣው?

ሐሜት ላይ ብዙ አልልም። የመሥሪያ ቤቱ ቻት የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ሊነበብ ይችላል። ምርር ሲልሽ ለጓደኛሽ በአካል አውሪ።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ እስካሁን ከጻፍሽልኝ ውስጥ ለመልቀቅ የሚያበቃ ነገር አላየሁም። የማታምኚበትን ነገር አጽድቂ ማለት ከጀመሩ ያ ሌላ ነው። ሐሳብሽ አለቃሽ እያወቀ በተደጋጋሚ ከተወሰደም እንደዚሁ። ማስፈራራት፣ ትንኮሳ ወይም በመናገርሽ በቀል ከመጣ ደግሞ ፖለቲካ አትበይው። መዝግቢው፣ ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ አቅርቢ። የሰው ኃይል ክፍል ደመወዝ የሚከፍለው ኩባንያው እንደሆነ ግን አትርሺ፤ ነገሩ ከከበደ የራስሽን ጠበቃ አማክሪ።

ትንሽ ድርጅት ብገባ እገላገላለሁ ብለሽ ካሰብሽም አንድ ነገር ልበልሽ። እዚያም ፖለቲካ አለ፤ ቁጥሩ ነው የሚያንሰው። መሥራቹ ካልወደደሽ ሌላ የምታንኳኪው በር የለም። ትልቅ ቤት ቢያንስ ኮሪደሩ ረጅም ነው። ከሌሎች ቡድኖች ጋር ብዙ የማይነካካ ቡድን ፈልጎ እዚያው ውስጥ መዛወር ይቻላል። በዚህ መንገድ ሰላም ያገኙ፣ ስብሰባ የማይወዱ ጎበዝ ኢንጂነሮች አውቃለሁ።

ለአሁኑ ሰኞ ጠዋት ደህንነት ቡድኑ ጋ ሂጂ። ቲኬቱን አትጥቀሺ። ስንት ሰው እንደሆኑና ስንት ቡድን እንደሚያስተናግዱ ጠይቂያቸው፣ ከዚያ ግማሽ ገጿን ስጫቸው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንን ኢንጂነር ለ20 ደቂቃ ያዢው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን እናያለን።